ዘጠኝ ዓይነት ጠንቋይና አንድ ማስመሪያ

ሰው በሁለት ይከፈላል ይባላል፤ ነገር የሚያቀልና ነገር የሚያከብድ። አባባሉ ግን ጎደሎ ነው። ይህን ሲሰማ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ «የለም፣ የለም፣ ሁለት ብቻ አይደለም፤ ይለያያል!» የሚል ሦስተኛ ሰው አለና። ይህ ሰው የሌለበት ቀበሌ የለም፤ የሌለበት ዕድርም፣ የሌለበት ለቅሶ ቤትም የለም። ድንኳን ገብቶ «ነፍስ ይማር» ከማለቱ በፊት ሟች በድንገት ነው የሞተው ወይስ በአጭር ሕመም ብሎ የሚጠይቅ እሱ ነው። ምነው ቢሉት መልሱ አንድ ነው፤ ይለያያላ!

ለእንጅባራ የደረሷት አቶ ይኸነው ናቸው። ክቡር አቶ ይኸነው፣ ዳንግላ ውስጥ አርባ ዓመት በመዝገብ ቤት ያገለገሉ፣ የሺህ ዶሴዎች ሞግዚት፣ ጡረታ ሲወጡ ቁልፉን ያስረከቡ፣ ጠባዩን ግን ያላስረከቡ። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ውብአየሁ ጋር እንጅባራ ከገቡ ሦስት ዓመታቸው ነው። ረጅምና ቀጭን ናቸው፤ የአንገት ልብሳቸው ለክረምት ብርድ ተጠምጥሞ በጋውንም ሳይፈታ ይከርማል። በኮታቸው የደረት ኪስ፣ ከብዕራቸው ጎን፣ አጭር የእንጨት ማስመሪያ አለች። ለምን እንደያዟት የጠየቀ ሰው «ለሚያስፈልግበት ጊዜ» የሚል መልስ ያገኛል፤ የሚያስፈልግበት ጊዜ ግን ሲመጣ ያየ የለም።

መዋያቸው የሜላት ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ሜላት ሃያ ሰባት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር የቀራት፣ ጣቶቿ ፈጣን፣ ትዕግሥቷ ከጣቶቿ የሚበልጥ ልጅ ናት። ደንበኛ ሲኖር የሰው ማመልከቻ ትጽፋለች፤ ደንበኛ ሲጠፋ የራሷን ልብ ወለድ። ልብ ወለዱ የሚሆነው በሌላ ዓለም ነው፤ ሰዎች በቃል እሳት በሚያነዱበት፣ በፈረስ ደመና በሚሻገሩበት፣ ከሐይቅ ሥር የአስማት ትምህርት ቤት በከፈቱበት። አንድ የከተማው የጸሐፊዎች ማኅበር ለወጣቶች ውድድር አውጥቷል፤ ያሸነፈ መጽሐፉ ይታተምለታል። ችግሩ ዕድሜ ነው፤ ሃያ ሰባት የሞላው ሰው አይመዘገብም። ሜላት ካቻምናም አምናም «አልደረሰልኝም» ብላ አሳልፋዋለች። የዘንድሮው ካለፋት ግን ሌላ ዘንድሮ የላትም፤ የመጨረሻው ቀን ደግሞ የግንቦት ሁለተኛው ዓርብ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ነው።

አቶ ይኸነው እዚህ ነገር ውስጥ የገቡት በትከሻዋ በኩል ነው። መታወቂያቸውን ኮፒ ሊያስደርጉ መጥተው ከበስተኋላዋ ቆመው ስክሪኑን አነበቡ። «ጠንቋዩ ከዙፋኑ ተነሣ» ይላል። አቶ ይኸነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ምን ዓይነት ጠንቋይ ነው?»

«ጠንቋይ ነዋ፣ ጋሼ። ክፉ ጠንቋይ።»

«ክፋቱን አልጠየቅሁሽም፤ ዓይነቱን ነው። ይለያያል፣ ልጄ፣ ይለያያል!»

ከዚያ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ተነሡ ማለት ይከብዳል። ጠንቋይ ማለት የሚጠይቁት ሰው ነው፤ በሬህ ጠፋ፣ ሄደህ ትጠይቀዋለህ። መተተኛ ግን የሚጠይቁት ሳይሆን የሚልኩት ነው፣ ያውም በጠላት ላይ። ቃልቻ ሌላ ነው፤ እሱ አይናገርም፣ ያደረበት ነው የሚናገርበት። ኮከብ ቆጣሪ ያንተንና የእናትህን ስም ይደምራል። ሞራ ገላጭ የታረደ በግ ሞራ ያነባል። ምትሀተኛ ዓይንህን እንጂ ነገሩን አይለውጥም። ሟርተኛ ደግሞ ምንም አይሠራም፤ አፉ ብቻ ነው መጥፎ። አቶ ይኸነው በጣታቸው ቢቆጥሩ ሰባት ሆነ።

«ዘጠኝ ነበሩ» አሉ ተክዘው። «ሁለቱን ነገ አመጣልሻለሁ።»

«ጋሼ፣ እነዚህን ሁሉ የት አገኟቸው?»

«እኔ? እግዜር ይጠብቀኝ! ደጃቸውን ረግጬ አላውቅም። ዶሴያቸውን ነው ያየሁት።»

በማግሥቱ አስማተኛንና በረዶ መላሽን ይዘው መጡ። አስማተኛ በስም ኃይል የሚሠራ ነው፤ በረዶ መላሽ ደግሞ ደመና ጠቁሮ ሲመጣ ጉብታ ላይ ወጥቶ የሚያስመልስ። ሜላት ዘጠኙንም በወረቀት ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጠፈችና ጉዳዩ ያለቀ መሰላት። አላለቀም፤ ያን ጊዜ ገና የዓይነቱ እንጂ የምንጩ ጥያቄ አልተነሣም ነበር።

«ይኼ ሰውዬ እሳቱን ከየት ነው የሚያመጣው?» አሉ ከሦስት ቀን በኋላ።

«ከጣቱ።»

«በጣቱማ ይወጣል። ወደ ጣቱ ከየት ገባ ነው የምልሽ። ሦስት መንገድ ነው ያለው። አንዱ ተምሮ ያገኘው ነው፤ መጽሐፍ ሲገልጥ ኖሮ፣ ዓይኑ ፈዝዞ፣ ጀርባው ጎብጦ። ሁለተኛው ሲወለድ ይዞት የመጣ ነው፤ አልተማረውም፣ ለሌላ ላስተምርህ ቢልም አይሆንለትም። ሦስተኛው የራሱ ምንም የለውም፤ ካለው ጋር ተዋውሎ ነው።»

ሜላት እጇን ከኪቦርዱ አነሣች።

«መሥሪያ ቤት አስቢ» አሉ አቶ ይኸነው በርኅራኄ። «አንዱ በዲግሪው የተቀጠረ ነው። ሁለተኛው አባቱ እዚያ ስለሠራ የገባ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሰው አለው።»

ይህ ለሜላት ለጥቂት ደቂቃ ብርሃን ሆነላት። የምታውቀው ሰው ሁሉ ከሦስቱ ባንዱ ቦታውን ያዘ።

«እንግዲህ ከሁሉም የሚከፋው ሰው ያለው ነዋ?» አለች በጉጉት።

«እሱ እንኳ ይለያያል» አሉ።

ከዚያ በኋላ የልብ ወለዱ ነገር አይነሣ። ዘጠኝ ዓይነት በሦስት ምንጭ ሲባዛ ሃያ ሰባት ነው፤ ሜላት ለሃያ ሰባቱም ቦታ ልታበጅ ስትል መጽሐፉ እንደ ማክሰኞ ገበያ ተተራመሰ። በመጀመሪያው ምዕራፍ አንድ የነበረው ክፉ ሰው በአቶ ይኸነው ምክር በሦስተኛው ምዕራፍ ለሦስት ተከፈለ። ሦስቱም ጥቁር ካባ የለበሱ ስለሆኑ በአምስተኛው ምዕራፍ ማን ማንን እንደገደለ ደራሲዋም አታውቅም። የሐይቁ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ምዝገባ ላይ ሁለት ምዕራፍ ሙሉ ተሰለፉ። ሜላት ስትተኛ ጠንቋይ፣ ስትነቃ ቃልቻ ነው የምታስበው፤ ምሳ ስትበላ ደግሞ ሽሮዋን ትታ፣ ሟርተኛ ሲወለድ ይዞት የመጣ ነው ወይስ በትጋት ያገኘው እያለች ትፈዛለች።

ዳፋው ለደንበኛም ተረፈ። ክንዴ የሚባሉ ገበሬ ከአዘና መጡ፤ በረዶ ድንችና ገብሳቸውን መትቶባቸው የእርዳታ ማመልከቻ ሊያጽፉ። እየነገሯት በመሀል «ድሮ እንኳ በረዶ የሚመልስ ሰው ነበረን» ብለው ተነፈሱ። አቶ ይኸነው ከአግዳሚው ቀና አሉ።

«የሚመልስ ነው ወይስ የሚያቆም?»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ምን ልዩነት አለው! የሚያቆመው እዚያው ሰማይ ላይ ያቀልጠዋል። የሚመልሰው ግን ወደ መጣበት ይልከዋል፤ የመጣው በጎረቤትህ ማሳ በኩል ከሆነስ?»

ክንዴ የአንድ ጎረቤታቸውን ስም ጠርተው ሳቁ፤ ክርክሩ ደራ። ሜላት አንድ ጆሮዋን ወደነሱ አድርጋ ጻፈች፣ አተመች፣ ሰጠች። በሦስተኛው ቀን ክንዴ ተመለሱ።

«አንቺ ልጅ፣ ምንድን ነው የጣፍሽልኝ? ሹሙ ሦስት ጊዜ አነበበው። በሦስተኛው ተቀመጠ።»

ሜላት ኮፒውን አውጥታ አየችው። የመጨረሻው መስመር «ስለሆነም በረዶ መላሽ በአስቸኳይ እንዲመደብልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ይላል።

«ምን አሉዎት ታዲያ?» አለች ፊቷ እየቀላ።

«ለዘንድሮ በዕቅድ አልተያዘም አለኝ።»

ሜላት እንደ አዲስ ጻፈችላቸው። አቶ ይኸነውን ግን አልተቆጣችም፤ እንዴት ይቆጧቸዋል? ጠዋት ጠዋት ብርዱን ተጋፍተው መጥተው «እንደምን አደርሽ፣ ልጄ» ሲሉ ቤቱ ይሞላል። መጽሐፏን ከሷ ሌላ ያነበበ ሰውም እሳቸው ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው «ስለ ጠንቋይ ነው የምትጽፊው?» ይልና አማትቦ ኮፒውን ይዞ ይሄዳል።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት፣ ሥራ በሌለበት፣ አቶ ይኸነው እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን አሳዩአት። በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ከፈረስ ወድቀው ሁለት ቦታ ተሰብሯል። አንዲት የዳንግላ ወጌሻ ዳስሳ፣ ገጥማ፣ በቀርከሃ ስንጣሪ አስራ አድናዋለች። «እጇ ሲያርፍብኝ ሕመሙ፣ ተቆጥተውት ዝም እንዳለ ልጅ ዝም አለ» አሉ። ስሟን አልነገሯትም፤ ወዲያው ወሬ ለወጡ። ሜላት ግን እሳቸው እንደሄዱ ያንን እጅ ሰረቀችው። ሰባተኛው ምዕራፍ ያለ ዕረፍት ወጣላት፤ ያለምወርቅ የምትባል ሴት አለች፣ የፈረስ እግር፣ የሰው ክንድ፣ የተሰበረ ድልድይ ሳይቀር በእጇ ብርሃን የምትገጥም። ሜላት ከጻፈችው ሁሉ ደስ ያላት ይኼ ነበር። ዘጠኙ ዓይነትና ሦስቱ ምንጭ ስላታከቷት ግን ዓይነቷን ለመምረጥ አልደከመችም፤ «ጠንቋይዋ ያለምወርቅ» አለችና አለፈች።

ለመጨረሻው ቀን ሦስት ቀን ሲቀር፣ ማክሰኞ ዕለት አቶ ይኸነው ይህን ምዕራፍ ከስክሪኑ አነበቡ። ሜላት «ይለያያል»ን ጠበቀች። አልመጣም። አቶ ይኸነው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ እንደገና አነበቡ።

«ሙሉውን አትሚልኝ» አሉ።

«ጋሼ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ እኮ ነው።»

«አትሚልኝ፣ ልጄ።»

አተመችላቸው። በሲባጎ አስረው ከኮታቸው ሥር አደረጉትና ሳይሰናበቱ ወጡ። ሜላት ምን እንዳጠፋች ግራ ገባት።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ በኃይል መጣ። ከኮምፒውተሩ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። ጠጋኙ አሸናፊ ከፍቶ አየውና ሐኪም ለቤተሰብ እንደሚናገር ዝቅ ባለ ድምፅ «ዲስኩም አብሮ ሄዷል» አላት። ፍላሽ ነበራት፤ ግማሹን ቫይረስ በልቶታል፤ የተረፉት ሦስቱ የመጀመሪያ ምዕራፎች ናቸው፣ እነዚያው የተተራመሱት። ሙሉው መጽሐፍ በዓለም ላይ ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ አቶ ይኸነው ኮት ሥር። አሥር ጊዜ ደወለች፤ ስልካቸው ዝግ ነው።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቤታቸው ሄደች። የከፈቱላት ወይዘሮ ውብአየሁ ናቸው።

«አንቺ ነሽ ያንን የወረቀት ክምር የሰጠሽው? ምን በደልሁሽ?»

«ጋሼ የሉም፣ እትዬ?»

«ዳንግላ ሄዷል፣ እታለማሁ ወጌሻ ዘንድ። ረቡዕን ሙሉ እህል አልቀምስም አለ። ትናንት "ይህን ሳላቃና አልሞትም" ብሎ ወጣ፤ ከእኅቱ ቤት ነው ያደረው። የልጅነት ፍቅሩ ናት እንዳልል ሰማንያ ሊሞላት ነው!»

ሜላት ሚኒባስ ተሳፈረች። ዳንግላ ወርዳ ጋሪ ያዘች፤ «እታለማሁ ወጌሻ» ስትል ባለ ጋሪው መንገድ አልጠየቃትም፤ የፈረሱን የፊት እግር በአለንጋው ጫፍ አሳያትና «ይህን ያቃናችው እሷ ናት» አላት። አምስት ሰዓት ላይ ከአንድ የቀርከሃ አጥር ፊት አወረዳት። አቶ ይኸነው ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው፣ ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ጮክ ብለው ያነባሉ። የሚያነቡት በአዊኛ ነው፤ አማርኛውን እያዩ በአፋቸው እየመለሱ። ፊት ለፊታቸው ትንሽዬ አሮጊት ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ።

«ጋሼ! ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል! ያለኝ ይኼ ብቻ ነው! ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት…»

«ቆዪ፣ ልጄ» አሉ ሳይዞሩ። «ገጽ መቶ ዘጠና ላይ ነን።»

ሜላት ተቀመጠች። ምን ታድርግ? የገዛ መጽሐፏን በማታውቀው ቋንቋ ሃያ ሁለት ገጽ ሰማች። አዊኛዋ ከሰላምታ አያልፍም፤ የት እንደደረሱ የምታውቀው በአሮጊቷ ፊት ነው። አንዴ ሳቁ፤ የፈረሱ ነገር መሆን አለበት። አንዴ «ውይ!» አሉ፤ ሦስቱ ባለ ካባዎች ይሆናሉ፣ እሳቸውም ግራ ገብቷቸው። ሰዓቷን ታያለች፣ ትነሣለች፣ ትቀመጣለች። ግን ማንም ሰው መጽሐፏን እንዲህ ዓይኑን ጨፍኖ ሰምቶት አያውቅም ነበርና ማቋረጡ አላስችል አላት።

አቶ ይኸነው የመጨረሻውን ገጽ ገለበጡና ክምሩን መልሰው በሲባጎ አሰሩት። ከዚያ ለሜላት፣ ወደ መሬት እያዩ፣ በአማርኛ ተናገሩ።

«ሥራ በጀመርሁ በሦስተኛው ወር ነው፤ ሃያ ዓመቴ። በደርግ ጊዜ፣ ጎጂ ልማድ ይጥፋ ተብሎ ጠንቋዩንም፣ ቃልቻውንም፣ ሥር ማሹንም፣ ወጌሻውንም ሰብስበው አንድ አዳራሽ አስገቡት። እኔን መዝግብ አሉኝ። ቅጹ ስም አለው፣ ዕድሜ አለው፣ ሥራ አለው። ሥራ የሚለው ዓምድ ግን አስቀድሞ ተሞልቶ ነው የመጣው። ጠንቋይ ይላል፤ ከላይ እስከ ታች፣ ለሁሉም አንድ። እትዬ እታለማሁ ተራቸው ደረሰ። ይህን ክንዴን ያሰረው እጅ ጠረጴዛዬ ላይ አረፈ። አንድ መስመር አስምሬ፣ ጎኑ ላይ ወጌሻ ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። አንድ መስመር! ማስመሪያ የለኝም አልሁ ለራሴ። ፈርቼ ነው እንጂ የመስመር ነገር አልነበረም። ጻፍሁ። በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ ተነበበ፤ ሰው ሁሉ ደጃቸውን ሸሸ። ከዚያ ወዲህ በዚህ በር አላለፍሁም፤ አርባ ዓመት ሙሉ ቢሮዬ የምሄደው ዞሬ ነበር።»

እጃቸው ሳያውቁት የደረት ኪሳቸውን ነካ አደረገ። ሜላት አሁን ገባት። ዘጠኙም፣ ሦስቱም፣ «ይለያያል»ም፣ ያቺ የእንጨት ማስመሪያም ከአንድ ጠረጴዛ የመጡ ናቸው። እሷም በታከታት ቀን ያቺን ሴት እዚያው ዓምድ ውስጥ መልሳ እንዳስገባቻት ገባትና አፈረች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

እታለማሁ ዓይናቸውን ገለጡ።

«እኔ በሱ ጠልቼህ መሰለህ?» አሉ፤ አማርኛቸው ቀስ ያለና የጠራ ነው። «አጥንት ሲሰበር ስም አይጠየቅም። ሁለት ዓመት ፈሩኝ፤ ሁለት ክፉ ዓመት ነበር፣ አልዋሽህም። ከዚያ ፈረስ ጣላቸውና መጡ።»

«ከጠሉኝስ ታዲያ በምንድን ነው?» አሉ አቶ ይኸነው።

«ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነበር። ሠላሳ አምስት ብዬ ነገርሁህ። አንተ አርባ ሁለት ብለህ ጣፍህ! በድምፅ ማጉያ! ገበያው ሁሉ እየሰማ!»

የአቶ ይኸነው ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ ሜላት ልትለይ አልቻለችም፤ አሮጊቷም የለዩት አይመስልም፤ ብቻ እጃቸውን ዘርግተው ያንን ክንድ ያዙት። ያዙት ማለት ብቻ አይደለም፤ ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት፣ ሥራቸው እንዴት እንደሰነበተ ለማየት።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ሜላት። «እኔም ጠንቋይ ብያታለሁ። ያለምወርቅን ምን ልበላት?»

«የደመናውን ነገር አላውቅም» አሉ እታለማሁ። «እጇ ግን የወጌሻ እጅ ነው። ደግሞ ሳትዳስስ ነው የገጠመችው፤ ሳይዳሰስ አይገጠምም። አቃኚው።»

ሚኒባሱ እስኪሞላ ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ሰባተኛው ምዕራፍ ውስጥ «ጠንቋይዋ» የሚለው ቃል አሥራ ዘጠኝ ቦታ ገብቷል። ከኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አቶ ይኸነው ማስመሪያዋን አስደግፈው ቃሉን በቀጭን መስመር ይሠርዛሉ፣ ሜላት ከላዩ «ወጌሻዋ» ብላ ትጽፋለች፤ መዳሰሱንም በኅዳጉ ጨመረች። መኪናው ይዘላል፣ የሜላት ፊደል ይንጋደዳል፤ የአቶ ይኸነው መስመር ግን አሥራ ዘጠኝ ጊዜም ቀጥ ያለ ነበር። እንጅባራ ሲደርሱ ባጃጅ ያዙና ማኅበሩ ቢሮ ደጃፍ ወረዱ። ለአሥራ አንድ አሥር ደቂቃ ጉዳይ ነው።

መዝጋቢው ትዕዛዙ የሚባል ጨዋ ወጣት ነው። ቀኑን ሙሉ ሲመዘግብ ውሎ ደክሞታል። ስሟንና ዕድሜዋን ጻፈና ቅጹን ወደሷ አዞረ።

«ዓይነቱ የቱ ነው? ታሪካዊ፣ የፍቅር፣ የወንጀል።»

«የትኛውም አይደለም። በሌላ ዓለም የሚሆን ነው፤ አስማት ያለበት።»

«ተረት ነዋ። ለተረት ዓምድ የለንም።» ሰዓቱን አየ። «የፍቅር ልበለው? ሁሉም ያው ልብ ወለድ ነው፤ ምን ልዩነት አለው?»

ሜላት ሦስት ዓመት የጠበቀችው በር ይኸው ተከፍቶ ቆሟል። «እሺ፣ ያው በለው» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሷል። ዞር ብላ አቶ ይኸነውን አየች። በሩ አጠገብ ቆመዋል፤ ከንፈራቸውን ገጥመዋል፣ ፊታቸው ቀልቷል፣ የአንገታቸው ሥር ተገትሯል። ሳይናገሩ መቆም እንዲህ ያስቸግራቸዋል ብሎ ማን ገመተ? ግን አልተናገሩም። የሷ ጠረጴዛ ነውና ለሷ ተዉላት።

«ይለያያል፣ ወንድሜ» አለች ሜላት። «ይለያያል።»

እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። ማስመሪያዋ መዳፏ ላይ አረፈች፤ ከኪስ ሙቀት የተነሣ ለብ ብላለች። ሜላት ቅጹን ወደ ራሷ ሳበች፣ በስተቀኝ ባለው ባዶ ቦታ ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር አሰመረችና አናቱ ላይ «ምናባዊ» ብላ ጻፈች።

«ይቻላል እንዴ?» አለ ትዕዛዙ ግራ ገብቶት።

«ቀጥ ብሎ እስከተሰመረ ድረስ ይቻላል፣ ልጄ» አሉ አቶ ይኸነው።

ትዕዛዙ ትከሻውን ነቀነቀና በአዲሱ ዓምድ ሥር ምልክት አደረገ፤ የመጀመሪያዋም ብቸኛዋም እሷ ናት። ማኅተም ሊመታ ሲል አቶ ይኸነው «አንድ ጊዜ ቆይ» ብለው መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጎንበስ አሉና ዕድሜ በሚለው ላይ ሃያ ስድስት መጻፉን ሁለት ጊዜ አነበቡ።